ዶሮ በእናንተ ቤት ምን ይላል?

እናት_ነኝ — ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ሰላም ቤተሰብ። ትናንት ማታ ቤታችን ውስጥ ክርክር ተነሥቶ እስካሁን አልበረደም። እናንተ ፍረዱን።

ልጄ አምስት ዓመቷ ነው። የተወለደችው እዚሁ አሜሪካ ነው። እናቴ ደግሞ ከደብረ ብርሃን ከመጣች ገና ሦስት ወሯ። ማታ ማታ ሁለቱ አልጋ ላይ ጋደም ብለው የሥዕል መጽሐፍ ያያሉ። ትናንት አውራ ዶሮ ያለበት ገጽ ላይ ደረሱ። እናቴ «ይሄ ምን ይላል?» ብላ ጠየቀቻት። ልጄ ፈጠን ብላ «ኮካ ዱድል ዱ!» አለች። እናቴ መነጽሯን አወለቀች። «የምን ዱድል ነው ልጄ? ዶሮ ኩኩሉ ነው የሚል።» ልጄ ሳቀች። «ኖ፣ እማማ። እንደሱ አይልም።»

ላሟ ላይ ሲደርሱ አንዷ «ሙ»፣ ሌላዋ «እምቧ»። ውሻው ላይ አንዷ «ውፍ ውፍ»፣ ሌላዋ «ሃው ሃው»። ድመቷ ላይ ብቻ ተስማሙ። ሁለቱም «ሚያው» አሉና ተቃቀፉ። ከዚያ አሳማው መጣ። ልጄ «ኦይንክ ኦይንክ» ስትል እናቴ ዝም አለች። ቆየት ብላ «እኔ ከአሳማ ጋር አልኖርኩም፣ ምን እንደሚል በምን አውቃለሁ?» አለቻት።

ይቺ መልስ እንቅልፍ ነሣችኝ። ሌሊቱን ሳስብ አደርኩ። የላሟን፣ የዶሮውን፣ የጅቡን ድምፅ እናቴ ታውቀዋለች፣ አብራቸው ኖራለች። እኔ ግማሹን ረስቼዋለሁ። ልጄ ጋ ሲደርስ ምንም አይቀርም ማለት ነው። ስለዚህ ደብተር ገዝቻለሁ። በእናንተ ቤት፣ በእናንተ አገር እንስሳቱ ምን ይሉ ነበር? ጻፉልኝ። ደግሞ የሚያውቅ ካለ፣ አንዱ ዶሮ በየቋንቋው ለምን ሌላ ሌላ ነገር እንደሚል ያስረዳኝ።

ጎጃሜው — ደብረ ማርቆስ

እማማ ልክ ናቸው! ኩኩሉ ነው።

ደግሞ ኩኩሉ የዶሮ ብቻ አልነበረም፣ የእኛም ነበር። ድብብቆሽ ስንጫወት ዓይኑን የጨፈነው ልጅ «አኩኩሉ!» ብሎ ይጣራል። ተደባቂዎቹ «አልነጋም!» ብለው ይመልሳሉ። ደግሞ «አኩኩሉ!»፣ ደግሞ «አልነጋም!»። ሁሉም ቦታ ቦታውን ሲይዝ «ነጋ!» ይባልና ፍለጋው ይጀመራል። አሁን የአንቺን ጽሑፍ ሳነብ ነው የገባኝ። የጨፈነው ልጅ አውራ ዶሮው ነው። ዶሮው እስኪያነጋ ድረስ ሌሊት ነው፣ ሌሊት ደግሞ መደበቂያ ነው። ስንቴ ተጫውቼዋለሁ፣ አንድም ቀን አስቤው አላውቅም።

የቋንቋ_መምህር — ባሕር ዳር

እህት ዓለም፣ ጥያቄሽ ጥሩ ጥያቄ ነው። ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልሽ።

ዶሮው ያው ዶሮ ነው። ጆሮም ያው ጆሮ ነው። የሚለያየው አፋችን የለመደው ድምፅ ነው። የዶሮ ጉሮሮ የሚያወጣውን በሰው አፍ መድገም አይቻልም። ስለዚህ እያንዳንዱ ቋንቋ በእጁ ካሉት ድምፆች የሚቀርበውን ይመርጣል። ጃፓንኛ ቃሉን በአናባቢ ወይም በ«ን» መጨረስ ይወዳል። ስለዚህ የጃፓን ውሻ «ዋን ዋን» ይላል። እንግሊዝኛ በ«ፍ» መጨረስ አይቸግረውም። ስለዚህ «ውፍ» ይላል። ሩሲያኛ «ጋቭ ጋቭ»፣ ቱርክኛ «ሃቭ ሃቭ»፣ ቻይንኛ «ዋንግ ዋንግ»፣ ኢንዶኔዥያኛ «ጉክ ጉክ»። ውሻው አልተለወጠም።

ስዊዘርላንዳዊው የቋንቋ ሊቅ ፈርዲናንድ ደ ሶሱር ይህንኑ ነገር አንሥቶታል። ተማሪዎቹ ከሞተ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1916፣ ትምህርቱን አሳትመውለታል። በቃልና በትርጉሙ መካከል የተፈጥሮ ማሰሪያ የለም ይል ነበር። «የእንስሳት ድምፅስ?» ለሚሉት ደግሞ ፈረንሳይኛ «ዋዋ»፣ ጀርመንኛ «ቫውቫው» ማለታቸውን አሳየ። ድምፁን ለመቅዳት ይሞክራሉ፣ ግን አንዴ ቃል ከሆነ በኋላ እንደማንኛውም ቃል ከእናት ወደ ልጅ የሚወረስ ነው።

እኔ ግን እስከ መጨረሻው አልከተለውም። የዶሮውን ነገር እዪው። ፈረንሳይ ኮኮሪኮ። ጀርመን ኪኬሪኪ። ስፔን ኪኪሪኪ። ሩሲያ ኩካሬኩ። ኢንዶኔዥያ ኩኩሩዩክ። ጃፓን ኮኬኮኮ። እኛ ኩኩሉ። ብዙዎቹ የተራራቁ አገሮች ናቸው፣ «ክ» ግን አንድ አድርጓቸዋል። ልጅሽ «ኮካ» ስትልም «ክ» አለችበት። ስለዚህ እማማም ልጅሽም የሰሙት አንድ ዶሮ ነው። ቱርኮች ግን «ኡ ኡሩ ኡ» ብለው «ክ»ዋን ትተዋታል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይሄኛው የራሳችን ሀብት ነው። በአማርኛ እንስሳው «ይላል»። ሚያው አለች፣ ኩኩሉ አለ። ይሄ «አለ» ግን ከእንስሳ አልፎ ቋንቋችንን ሞልቶታል። ብድግ አለ። ቁጭ አለ። ዝም አለ። እልም አለ። በሩ ኳ አለ፣ ጅራፉ ጧ አለ። ትግርኛ «ስቕ በለ» ይላል፣ ኦሮምኛ «ጨል ጄዼ» ይላል፣ ሁለቱም «ዝም አለ» ማለት ነው። አገሩ ሁሉ ድምፅንም ዝምታንም በ«አለ» ነው የሚናገረው። ስለዚህ እማማ «ዶሮ ምን ይላል?» ብለው ሲጠይቁ ለሕፃን ብለው ቋንቋ አላቀለሉም። አማርኛ በተፈጥሮው የሚጠይቀው እንዲህ ነው።

ሴኡል_ያለሁ

ኮሪያ ለትምህርት ከመጣሁ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። እዚህ ውሻ «ሞንግ ሞንግ» ይላል። ድመት «ያኦንግ»፣ አሳማ «ኩል ኩል»፣ እንቁራሪት «ጌጉል ጌጉል»። የእንቁራሪት ስሟም «ጌጉሪ» ነው፣ ከድምፇ የወጣ።

ላሚቱን ስሰማ ግን ደነገጥኩ። «እምሜ» አሉ! የእኛ «እምቧ» ወንድም አይደለም? ሁለታችንም አፍ ገጥመን በ«እም» እንጀምራለን።

ጎጃሜው — ደብረ ማርቆስ

@ሴኡል_ያለሁ ላም ጠብቄ ስላደግሁ ይቺን እኔ ልመልስ። ላም ጥጃዋ አጠገቧ ሲሆን አፏን ሳትከፍት በዝግታ «እምም» ነው የምትለው። ጥጃዋ ሲርቅባት ነው አፏን ከፍታ ከፍ አድርጋ የምትጣራው። «እምቧ» ሁለቱንም ይዟል፣ መጀመሪያ የተገጠመ ከንፈር፣ ቀጥሎ የተከፈተ አፍ። «ሙ» የሚሉት መጀመሪያውን ብቻ ወስደዋል። አዲስ ቤት ለገባ ሰው «እምቦሳ እሰሩ» ስንል እምቦሳው ያው ጥጃው ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ስሙም ከእናቱ ጥሪ ብዙ አልራቀም።

ቤዛ — አዳማ

ድመቷስ? ለምን እሷ ብቻ በየአገሩ ሚያው ሆነች? መምህር ይመልሱልን።

የቋንቋ_መምህር — ባሕር ዳር

ቤዛ፣ አፏን ተመልከቺ። ተዘግቶ ይጀምራል፣ ይከፈታል፣ ደግሞ ሊዘጋ ይጠብባል። «ም» ከንፈር መግጠም ነው፣ «ያ» መክፈት፣ «ው» ማጥበብ። የሰው አፍ ያንኑ መንገድ መከተል ስለሚችል ብዙ ቋንቋ እዚያው ላይ ይገናኛል። የጥንት ግብፆች ድመትን «ሚው» ይሏት ነበር፣ ስሟ ነበር። ቻይናዎችም ዛሬ «ማኦ» ይሏታል። እኛ ደግሞ ስትጮህ ሚያው ብንልም፣ ስንጠራት «ውሮ ውሮ» ነው። ሌላ አስገራሚ ነገር ልንገርሽ። ያደጉ ድመቶች እርስ በርሳቸው ሚያው አይባባሉም ማለት ይቻላል። ሚያው የሚሉት በብዛት ለሰው ነው።

ቅኔ_ወዳድ — ጎንደር

ግዕዙ ሳይነሣ እንዳያልፍ።

ግዕዝ ለዶሮ ጩኸት የራሱ ግስ አለው፣ «ነቀወ»። በማቴዎስ ወንጌል ጌታ ለጴጥሮስ የነገረው ቃል «ዘእንበለ ይንቁ ዶርሆ» የሚል ነው፣ ዶሮ ሳይጮህ ማለት ነው። ለውሻ «ነብሐ» አለ። ለአህያ «ነሀቀ» አለ። አማርኛ እነዚህን አልወረሰም። ውሻም «ይጮኻል»፣ ዶሮም «ይጮኻል»፣ የተጎዳ ሰውም «ይጮኻል» ብለን አንድ አድርገናቸዋል። ይሄ ያሳዝነኛል።

ስሞቹም ድምፅ አላቸው። ኖኅ ከመርከብ የላከው ቁራ በግዕዝ «ቋዕ» ነው። እስቲ ጮክ ብላችሁ በሉት። ቋዕ! ራሱ ቁራው ነው። በዘፀአት ግብፅን ያለበሱት እንቁራሪቶች ደግሞ «ቈርነናዓት» ይባላሉ። አንድ ኩሬ ሙሉ እንቁራሪት በዚያ ቃል ውስጥ አለ። አማርኛው «እንቁራሪት» ያንን «ቁር» እስከ ዛሬ ይዞታል።

እህቴ፣ በደብተርሽ ላይ ቋዕን ጻፊልኝ።

ጅዳ_ያለሁት

ቅኔ ወዳድ የጻፍከውን ሳነብ ፀጉሬ ቆመ። እዚህ ሳዑዲ የምሠራበት ግቢ ውሻ አለ። ዓረቦቹ ሲጮህ «ነበሐ» ነው የሚሉት። የአህያውን ጩኸት «ነሂቅ» ይሉታል። የእኛው ነብሐና ነሀቀ ናቸዋ! ዓረብኛ ለእያንዳንዱ እንስሳ የድምፁን ስም ለይቶ ያስቀመጠ ቋንቋ ነው። የፈረስ ሰሂል፣ የአንበሳ ዘኢር፣ የድመት ሙዋእ። ልጆቹ ይህን በትምህርት ቤት በቃላቸው ይይዙታል።

ረሆቮት_ነን

እኛም ቤት ያንቺው ታሪክ ነው፣ እህቴ። ልጆቻችን በዕብራይስጥ «ኩኩሪኩ» ይላሉ። አያታቸው ኩኩሉ ይላሉ። ለልጆቹ አንዱ የሌላው ስህተት አይደለም፣ አንዱ በ«ሪኩ»፣ አንዱ በ«ሉ» መጨረሱ ብቻ ነው። ውሻው «ሃቭ ሃቭ»፣ አህያው «ኢ ኣ»። አህያ ሲጮህ በዕብራይስጥም «ኖሄቅ» ነው። የዓረቡ፣ የግዕዙና የእኛ ሰፈር አህያ በአንድ ሥር ተጠርቷል።

አባቴ ከጎንደር በእግሩ በሱዳን በኩል የወጣ ሰው ነው። አሁንም ሌሊት ውሻ ሲጮህ ከሰማ ይነቃና «ጅብ አይቶ ነው» ይላል። እዚህ ከተማ ጅብ እንደማይገባ ያውቃል። ጆሮው ግን አልተቀየረም።

የገበሬ_ልጅ — ሰሜን ሸዋ

ቅኔ ወዳድ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ አንድ ነገር ልቃወም። አማርኛ ሁሉን በ«ጮኸ» አልጨፈለቀም። እኛ ከተማ ገብተን ረሳነው እንጂ። አባቴ እንዲህ ነበር የሚለው፦ አህያ ታናፋለች። ፈረስ ያሽካካል። ዶሮ እንቁላል ጥላ ታስካካለች። አንበሳ ያገሳል። በሬ ያጓራል። ውሻ ሌሊት ያላዝናል። ወፎች ይንጫጫሉ፣ ጫጩትም ስሟ ከዚያው ሰፈር ነው። ከእነዚህ ግማሾቹ ዛሬ ለሰው ነው የሚነገሩት። «አታላዝንብኝ» ይባላል፣ «አሽካካብኝ» ይባላል፣ ውሻውና ፈረሱ ግን ተረስተዋል።

ከሁሉ የምወደው «አናፋ»ን ነው። የቀጥቃጩን ወናፍ አይታችኋል? ከሰሉን እፍ የሚለውን የቆዳ ከረጢት? እሱም ይናፋል። ቃሉ ዘመድ ነው። አህያ ስትጮህ አየር ስታስወጣ ብቻ አይደለም ድምፅ የምታወጣው፣ አየር ስታስገባም ነው። ስትስብ «ኢ»፣ ስትለቅ «ኣ»። እንግሊዞቹ «ሂ ሃው» ሲሉ፣ ዕብራውያኑ «ኢ ኣ» ሲሉ ሁለቱን ትንፋሾች በቃል ቀድተዋል። የእኛ ሰው ድምፁን አልቀዳም። የቀጥቃጩን ቤት አስታወሰና አሠራሩን በግስ ተናገረ። ወናፍ ሲሳብና ሲለቀቅ እንዴት እንደሚተነፍስ ያየ ሰው ነው ይሄን ቃል ለአህያ የሰጠው። እኔ ከዚህ የበለጠ ትክክለኛ ቃል ሰምቼ አላውቅም።

ቅኔ_ወዳድ — ጎንደር

ተቀብያለሁ፣ ወንድሜ። ወናፉን አላሰብኩትም ነበር። እግዜር ይስጥልኝ።

ዶሮ_አርቢ — ቢሾፍቱ

ዶሮ ከተነሣ እኔ ዝም አልልም። ስምንት ዓመት አርብቻለሁ።

ሰው ሁሉ ዶሮ ብርሃን አይቶ የሚጮህ ይመስለዋል። አይደለም። ገና ጨለማው ሳይገፈፍ ይጀምራል። ጃፓን ናጎያ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 አረጋግጠውታል። ሁልጊዜ ደብዛዛ ብርሃን ባለበት ክፍል ዘግተው አስቀመጧቸው፣ ዶሮዎቹ ግን ሰዓታቸውን ጠብቀው ጮኹ። ሰዓቱ ውስጣቸው ነው ያለው። ቀጥሎ በ2015 ደግሞ ማን ቀድሞ እንደሚጮህ አጠኑ። መጀመሪያ የሚጮኸው በመንጋው የበላይ የሆነው ነው። ሌሎቹ በማዕረጋቸው ተራ ይከተላሉ። አለቃውን ሲወስዱት ሁለተኛው ቦታውን ይዞ ይጀምራል።

እኔ ይሄን በዓይኔ አይቻለሁ። ለበዓል ትልቁን አውራ ያረድን ቀን፣ በማግስቱ ንጋት ላይ ድሮ ሦስተኛ የነበረው ቀድሞ ጮኸ። ሁለተኛውን አሞት ነበር።

ሄኖክ_ቶሮንቶ

ይቅርታ አድርጊልኝና እህቴ፣ ልጅቷን አታደናግሪያት። አሜሪካ ነው የምትኖረው። መዋዕለ ሕፃናት ሄዳ «እምቧ» ብትል ይስቁባታል። አንዱን ትያዝ።

እናት_ነኝ — ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ሄኖክ፣ አስበህ እንደጻፍከው ይገባኛል። እኔም ፈርቼ ነበር። ግን ዛሬ ጠዋት ያየሁትን ልንገርህ። ልጄ አሻንጉሊቶቿን ደርድራ ታጫውታቸዋለች። ነጯ ላም «ሙ» ትላለች። ቡናማዋ «እምቧ» ትላለች። «ለምን?» ብዬ ጠየቅኳት። «ይቺ የእማማ ላም ናት፣ ከደብረ ብርሃን ነው የመጣችው» አለችኝ። አልተደናገረችም። ሁለት ላሞች አሏት።

የቋንቋ_መምህር — ባሕር ዳር

ሄኖክ፣ ልጅ ሁለት ቋንቋ ይችላል። የሚቸግረው ከሁለቱ አንዱን የሚነግረው ሰው ሲያጣ ነው።

አዲስ_አበቤ

የአሳማው ነገር እኔንም ነክቶኛል። አማርኛ ለአሳማ የሚባል የታወቀ ድምፅ አለው? ሰፈር ጠየቅሁ፣ ሁሉም የየራሱን ፈጠረ። አገራችን አብዛኛው ክርስቲያንም ሙስሊሙም አሳማ አይበላም፣ ቤቱም አያረባም። አብሮን ስላልኖረ ቃል አልሰጠነውም። እማማ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሰውታል።

ተቃራኒውን ደግሞ አስቡት። የእንግሊዝኛ የሕፃናት መጽሐፍ ውስጥ የጅብ ገጽ የታለ?

ሐረር_ጀጎል

ጅብ ካላችሁ መጣሁ! እኛ ከጅብ ጋር ነው የምንኖረው። ማታ በጀጎል ግንብ በር ላይ ስጋ የሚመግቡት ሰዎች በስም ይጠሯቸዋል፣ እነሱም ስማቸውን ሰምተው ይመጣሉ።

የጅብ ጩኸት ዝቅ ብሎ ይጀምርና መጨረሻው ላይ ሽቅብ ይወጣል፣ «ኡኡኡ—ዊ!»። ጸጥ ባለ ሌሊት እስከ 5 ኪሎ ሜትር ድረስ ይሰማል። የእያንዳንዱ ጅብ ጥሪ የተለየ ነው። ጅቦቹ በድምፅ ብቻ ማን እንደሆነ ይለያያሉ። «ሳቅ» የሚሉት ደግሞ ሳቅ አይደለም። ሲባረር፣ ሲነከስ፣ ስጋ ሲቀሙት የሚያወጣው ነው። ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2010 ሲያጠኑት በዚያ ድምፅ ውስጥ የጅቡ ዕድሜና በመንጋው ያለው ደረጃ እንደሚታወቅ አገኙ። ከልጅነቴ ጀምሮ «ጅቡ ሳቀ» ስል ነበር። የተበደለ ሲያለቅስ ኖሯል።

እማማ «አያ ጅቦ»ን ያውቃሉ አይደል? «አያ ጅቦ ሳታመኻኝ ብላኝ» ያለችውን አህያ ለልጅቷ ይንገሩልን። ሲተርቱ ድምፁን ቅጂው።

አስጎብኚ — ደባርቅ

እኔ ስሜን ተራሮች ፓርክ ቱሪስት ይዤ እዞራለሁ። ስለ ጭላዳ አንድ ቃል ይፈቀድልኝ። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ የትም አይገኝም። በሳይንስ ስሙም አማርኛ አለ። ጀርመናዊው ኤድዋርት ሩፕል እ.ኤ.አ. በ1835 ሲመዘግበው «ጌላዳ» ብሎ ጻፈው። በዚያው ዓመት ጉሬዛንም «ጉዌሬዛ» ብሎ መዘገበ። ድምፅ ስንቀዳ ያለውን አስተውሉ። እኛ «ጭ» ያልነውን ፈረንጁ በራሱ ፊደል ሲጽፈው «ጌ» ሆነ። ውሻው ላይ የደረሰው ሁሉ በቃላችንም ላይ ደርሷል።

ወንዱ ጭላዳ ከንፈሩን ቶሎ ቶሎ እየገጠመና እየከፈተ የሚያወጣው ድምፅ አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ቶር በርግማን ለካው። በሴኮንድ ከ6 እስከ 9 ጊዜ ይመታል፣ የሰው ንግግር ካለው ምት ጋር ቅርብ ነው። ሣር ላይ ተቀምጠው ሲግጡ በመሐላቸው ቁጭ በሉ። ዓይናችሁን ብትጨፍኑ የሠርግ ቤት ወሬ ይመስላል። ከሩቅ ስለሚሰማ ቃሉ የማይለይ፣ ዜማው ግን የሰው የሆነ ወሬ።

ለዚህ ድምፅ በአማርኛ ልጽፈው ብዙ ሞክሬያለሁ። «ውብልብልብል» ነው የቀረበልኝ። የተሻለ ያለው ይንገረኝ።

ቤዛ — አዳማ

@አስጎብኚ ውብልብልብል! አፌ ውስጥ ደስ አለኝ።

መጽሐፍ_ወዳጅ — ስቶክሆልም

እስካሁን ቋንቋ የእንስሳ ድምፅን እንዴት እንደሚቀዳ አወራን። የተገላቢጦሹም አለ። እንስሳ የቋንቋን ድምፅ ጠብቆ ሲያቆይ።

የጥንት ግሪኮች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ክፍለ ዘመን ክራቲኖስ የሚባል የተውኔት ጸሐፊ ነበራቸው። በአንድ መስመር በግ እንዲህ ይላል ብሎ ሁለት ፊደል ጻፈ። የዛሬ ግሪኮች እነዚያን ፊደሎች ሲያነቡ «ቪ ቪ» ይሆናል። በግ ግን በምንም ዘመን «ቪ» ብሎ አያውቅም። ሊቃውንቱ በዚህ ተነሥተው ፊደሎቹ ድሮ «ቤኤ» ተብለው ይነበቡ እንደነበር ከሚያስረዱባቸው ማስረጃዎች አንዱ አደረጉት። ሰው አነባበቡን በ2400 ዓመት ውስጥ ለወጠ፣ በጉ ግን ያንኑ አለ። ይሄን መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን መጽሐፉን አጥፌ ቁጭ አልኩ። አንድ ተራ በግ የአንድን ትልቅ ቋንቋ ምስክር ሆነ።

ሌላው የእንቁራሪት ነገር ነው። አሜሪካኖች እንቁራሪት «ሪቢት» ትላለች ይላሉ። እንዲያ የምትለው ግን በምዕራብ አሜሪካ ዳርቻ ያለች አንዲት ትንሽ እንቁራሪት ናት። የሆሊውድ ሰዎች ቅርባቸው የነበረችውን ቀዱ፣ ፊልሙ ደግሞ ድምፇን በየጫካው አስገባ። አሁን ዓለም ሁሉ እንቁራሪት ሪቢት የምትል ይመስለዋል። ልጅሽ መጽሐፏ ላይ እንቁራሪት ካለች ይሄን ንገሪያት። የደብረ ብርሃን እንቁራሪት የራሷ ድምፅ አላት፣ ማንም አልቀዳትም እንጂ።

እናት_ነኝ — ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ምን ብዬ ላመስግናችሁ? ደብተሩ ግማሽ ሞልቷል። ቅኔ ወዳድ፣ ቋዕ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ናት።

ትናንት ማታ ሁሉንም ለእናቴ አነበብኩላት። ወናፉ ላይ ስደርስ «አዎ፣ አዎ» እያለች ጭንቅላቷን ነቀነቀች። የጅቡ ሳቅ ላይ ዝም ብላ ቆየችና «እኛም እኮ ልጅ ሆነን ሲስቅ እንፈራው ነበር፣ እሱ ለካ ፈርቶ ኖሯል» አለች። ከዚያ «አያ ጅቦ»ን ተረተች። ቀዳሁት። አሥራ አንድ ደቂቃ ነው። የአህያዋን ድምፅ ሳብና ለቀቅ አድርጋ በትንፋሿ ስታወጣው ልጄ ከአልጋ ልትወድቅ ደረሰች። ያንን ድምፅ በፊደል ልጽፈው አልቻልኩም። ገጹን ባዶ ትቼ «እማማን ጠይቂ» ብዬ ጻፍኩበት።

ከእራት በኋላ ደግሞ ኮሪደሩ ላይ አኩኩሉ ተጫወቱ። እናቴ ግድግዳ ተደግፋ ዓይኗን ጨፈነች። ልጄ ልብስ መስቀያው ውስጥ ገብታ በተሰባበረ አማርኛዋ «አልነጋም! አልነጋም!» ትላለች። አምስት ጊዜ ስትጠራት አምስት ጊዜ አልነጋም አለች። ሊነጋ አልፈለገችም።

አሁን የቀሩኝ ፍየልና ግመል ናቸው። ፍየሏን እናቴ «ሚእእ» ብላኛለች፣ በጉ «ባእእ» ነው። ሁለቱን በአንድ ልክ ነው የምትለያቸው፣ አንዱ ቀጭን፣ አንዱ ወፍራም። ግመልን ግን እሷም አታውቀውም። ከቆላ በኩል ያለ ሰው ይርዳኝ።

ጅግጅጋ_ገበያ

እህቴ፣ እኛ ሰፈር የግመል ገበያ አለ። በፊደል ከምጽፈው ቢቀዳ ይሻላል። ነገ ማለዳ ሄጄ ቀድቼ እዚሁ እለጥፍልሻለሁ። እናትየዋ ግልገሏን ስትጠራ ያለውን አንድ፣ ሸክም ሲጭኑባት የምታጉረመርመውን ሌላ። ሁለቱ አይመሳሰሉም።